ጓደኛዬን ከባንዱ ላስወጣው ወይ?

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 23 ነው፤ የምኖረው ጅማ ነው። ቀን ቀን አክስቴ ልብስ ስፌት ቤት እሠራለሁ፤ ማታ ማታ ሪትም ጊታር እጫወታለሁ። አምስት ሆነን የሮክ ባንድ ከመሠረትን ሁለት ዓመት አለፈን። ድምፃዊያችን አብሮ አደጌ ነው። ባንዱንም የጀመርነው እኔና እሱ ነን። አሁን ግን ልምምድ ይቀራል፣ ግጥም ይረሳል፣ እውነቱን ለመናገር ድምፁም ለዚህ ሙዚቃ አልሆነም። ሌሎቹ ‹እናስወጣው› እያሉ ነው። ቦታውን የሚፈልግ አንድ ሰው አግኝተናል። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ቡና ጭኖ አዲስ አበባ ይመላለሳል። ድምፁ ጉድ ነው። ግን 30 ዓመቱ ስለሆነ ‹ትልቅ ሰው ነው፣ አይሆነንም› የሚሉ አሉ።

በዚህ ላይ አንድ ሆቴል ዓርብና ቅዳሜ ማታ ተጫወቱልኝ ብሎናል። ሰው የሚያውቀውን ዘፈን ብቻ ነው የሚፈልገው። ሊድ ጊታሪስታችን ‹ይሄማ ውርደት ነው፣ ያለንን ሸጠን አዲስ አበባ እንግባ› ይላል። እናቴ ደግሞ የምወደው ባንድ ኤሲ/ዲሲ መሆኑን ካወቀች ወዲህ ሰላም የላትም። ስሙ የሰይጣን ነው ብለዋታል። ጋሼ፣ እነሱ እንዴት ነው እንደዚያ ቶሎ የወጡት? እኛስ ምን ብናደርግ ይሻላል?

ሪትሙ ነኝ፣ ከጅማ»

ወንድሜ ሪትሙ፣

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የጠየቅከኝ ብዙ ነው፤ እንቅልፍ የነሳህ ግን አንዱ ነው። ጓደኛህ። ወደ እሱ እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን «ቶሎ የወጡት» ያልካትን ቃል ላንሳ። ሊዳችሁን አዲስ አበባ አዲስ አበባ የምታሰኘው እሷ ናት።

ኤሲ/ዲሲዎች ቶሎ አልወጡም። ዓመቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ልንገርህ። ባንዱ የተመሠረተው አውስትራሊያ፣ ሲድኒ ውስጥ፣ በ1973 ኖቬምበር ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ በሩን የከፈተላቸው «ሃይዌይ ቱ ሄል» («የሲኦል ጎዳና» ማለት ነው) የተባለው አልበም የወጣው በ1979 ጁላይ ነው። እዚያ 17ኛ ደረጃ ደረሰ። አውስትራሊያ ውስጥ ግን ይሄ አልበም ስድስተኛቸው ነበር። እስቲ ቁጭ ብለህ አስበው። ስድስት ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ወር ሲቀር፣ ከስድስት አልበምና ቁጥር ስፍር ከሌለው መድረክ በኋላ ነው የሆነላቸው። እኛ ጆሮ የደረሰው ስድስተኛው ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ማንም አይነግርህም።

አጀማመራቸውን ስታየው ደግሞ ካንተ ኑሮ ብዙም አይርቅም። ማልኮም ያንግና አንገስ ያንግ ወንድማማቾች ናቸው። ቤተሰቡ ከስኮትላንድ፣ ከግላስጎው ከተማ፣ በ1963 ወደ አውስትራሊያ የሄደ ሠርቶ አደር ቤተሰብ ነው። ባንዱ ሲመሠረት ማልኮም 20፣ አንገስ 18 ዓመታቸው ነበር። ማልኮም ሙዚቃው እንጀራ ሳይሆነው በፊት ምን ይሠራ እንደነበር ታውቃለህ? የሴቶች የውስጥ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የስፌት መኪና ይጠግን ነበር። በባንዱ ውስጥ የያዘው ደግሞ ያንተኑ ቦታ ነው፤ ሪትም ጊታር።

ስሙም የመጣው ከስፌት መኪና ላይ ነው። እህታቸው ማርጋሬት የስፌት መኪናዋ ላይ «ኤሲ/ዲሲ» የሚል ጽሑፍ አየች። በሁለቱም ዓይነት ኤሌክትሪክ ይሠራል ማለት ነው፤ ከግድግዳ ሶኬት በሚመጣውም፣ ከባትሪ በሚገኘውም። ልጆቹ ሲሰሙት ጉልበት ያለው ስም ሆነላቸው፤ ወሰዱት። አንገስ መድረክ ላይ የሚለብሰው የተማሪ ዩኒፎርምም የእሷው የማርጋሬት ሐሳብ ነው። የሰይጣን ምህጻረ ቃል ነው የሚለው ወሬ እዚያም አገር ተወርቶ ነበር። ባንዱ ሁሌም «አይደለም» ሲል ኖሯል።

ስለዚህ እናትህን አትከራከራት። አንድ ቀን ሱቅ ስትመጣ፣ ከአክስትህ መኪኖች ሞተር ያለው ካለ፣ ጎኑ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ቆርቆሮ አሳያት። ቮልቱ የተጻፈባትን። «እማ፣ ስሙ የመጣው ከዚህ ነው» በላት። የ«ሃይዌይ ቱ ሄል» ርዕስ ግን ያስደነግጣል፤ ብትፈራ አልፈርድባትም። ባንዱ የሚለው ከከተማ ከተማ በአውቶቡስ ሲንከራተቱ ስላዩት ድካም ነው። እናት ግን በማብራሪያ አትረጋጋም፤ በዓይኗ ስታይ ነው የምትረጋጋው። አንድ እሁድ ልምምድ ላይ ጥራት። ማን ከማን ጋር እንደምትውል፣ ምን እንደምትጠጡ፣ ስንት ሰዓት ወደ ቤት እንደምትገባ ትይ። የእናትህ ጭንቀት ግማሹ እሱ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሆቴሉ።

ተቀበሉት። ይሄን ስጽፍ አንድም ጥርጣሬ የለኝም። ኤሲ/ዲሲ የመጀመሪያውን ትልቅ ምሽት የተጫወቱት በ1973 የመጨረሻዋ ቀን፣ በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ሲድኒ ውስጥ ቼከርስ በሚባል የምሽት ክበብ ነው። በዚያ ሰሞን የሚጫወቱት አብዛኛው የሰው ዘፈን ነበር። የቸክ ቤሪ፣ የሮሊንግ ስቶንስ፣ የቢትልስ። የሰው ዘፈን ሲጫወቱ ነው የራሳቸው እጅ የወጣው። የኛዎቹንም ተመልከት። ዋልያስ ባንድ ዋልያስ የሆነው ሂልተን ሆቴል ሲሠራ ነው። አይቤክስም ራስ ሆቴል ነበር፤ ኋላ ሮሃ ባንድ የወጣው ከዚያ ነው። ለእራት የመጣ ሰው፣ ጀርባውን ሰጥቶህ የሚያወራ ሰው፣ «እስቲ ያችን ዘፈን» ብሎ ወረቀት የሚልክ ሰው፣ እነዚህ ናቸው ባንድን የሚገሩት። ቤት ውስጥ ሁለት ዓመት ከመለማመድ ሆቴል ውስጥ ሦስት ወር ይበልጣል።

ደግሞ የምትጫወቱት ጅማ ነው። አማርኛ ብቻ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። ኦሮምኛውንም በደንብ ያዙ፤ ሰዉ ከወንበሩ የሚነሣው ያኔ ነው። ሠርግም የሚመጣላችሁ በዚያ በኩል ነው። ጊታሩን የራሳችሁ አድርጋችሁ ተጫወቱት፤ ዘፈኑ የታወቀ ቢሆንም ሪትሙ የናንተ ይሁን። ከሆቴሉ ጋር ስትነጋገሩ አንድ ነገር ብቻ ለምኑ። የመጨረሻዋን ግማሽ ሰዓት። ቤተሰብ ይዞ የመጣው ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ ሁለትና ሦስት የራሳችሁን ሥራ እንድትጫወቱ። እምቢ ካለ በመጀመሪያው ወር አትጋፉት። ቅዳሜ ማታ ወንበር ከሞላ በኋላ ድጋሚ ጠይቁ፤ ያኔ አፉ ይለሰልሳል።

ከመፈራረማችሁ በፊት የምትጠይቁት ደግሞ አለ። ሞንታርቦው የማነው? ጄኔሬተር አለ ወይ፣ ካለስ ለባንዱ ይበራል ወይ ለፍሪጁ ብቻ ነው? እራት ይጨምራል? ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ድራም ተሸክማችሁ በምን ትመለሳላችሁ? የባጃጁን ሒሳብ ማን ይችላል? ትንሽ ነገር ይመስላል። ባንድ ሲበተን ያየሁት ግን በዚህ በዚህ ነው። ክፍያውን ለአምስት እኩል ተካፈሉ፤ በወረቀት ጽፋችሁ ፈርሙ። ከዚያ በመካከላችሁ እቁብ ግቡ። የመጀመሪያው ዕጣ ለአንድ ሰው ኪስ አይሁን፤ አምፕሊፋየር ግዙበት።

የያንግ ወንድሞች በዚህ በኩል ዕድለኞች ነበሩ። ታላቅ ወንድማቸው ጆርጅ ቀድሟቸው ኢዚቢትስ በሚባል ባንድ ዓለም ያወቀው ሰው ነው። በ1966 የወጣች አንድ ነጠላ ዜማቸው እንግሊዝ ድረስ ተሰምታለች። በ1969 ያ ባንድ ፈረሰ። ጆርጅ ዝናንም ውድቀትንም አይቶ ነው የተመለሰው። ከጓደኛው ከሃሪ ቫንዳ ጋር ሆኖ የታናናሾቹን የመጀመሪያ አልበሞች ፕሮዲዩስ ያደረገው እሱ ነው። አንተ እንዲህ ያለ ታላቅ ወንድም የለህም ይሆናል። ጅማ ውስጥ ግን በየሠርጉ፣ በየሆቴሉ ሃያ ዓመት የተጫወቱ ሰዎች አሉ። ሂድና አንዱን «ጋሼ፣ ልምምዳችንን መጥተው ይዩልን» በለው። ደስ ብሎት ነው የሚመጣው።

እሺ፣ ጓደኛህ።

ከራሴ ልጀምር። በደርግ ጊዜ እዚሁ ጅማ የቀበሌ ኪነት ውስጥ ቤዝ እጫወት ነበር። ድራመራችን ጎረቤቴ ነው፤ ግቢያችን አንድ አጥር ነው የሚለየው። ለአንድ በዓል ዝግጅት ኃላፊዎቹ የተሻለ ድራመር አገኙ። ከሦስት ቀን በፊት ነገሩኝ፤ «ለጓደኛህ አንተ ንገረው» አሉኝ። አልነገርኩትም። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል ቀኑ ደረሰ። ልጁ ነጭ ሸሚዙን ተኩሶ፣ የድራም ዱላዎቹን በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣ። ድራሙ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ዱላዎቹን ከጋዜጣው አላወጣቸውም። ዞር ብሎ እኔን አየኝ፤ እኔ የቤዜን ክር የማጠብቅ መሰልኩ። ብዙ ዓመት አልፎ ታርቀናል። በሌላ ሰው ስለመተካቱ አንድም ቀን አንሥቶብኝ አያውቅም። የሚያነሣብኝ ሦስቱን ቀን ነው።

ስለዚህ ቅድሚያ የምልህ ይሄን ነው። ይሄ ጉዳይ ልምምድ ላይ በአራት ሰው ፊት አይነገርም። በቴሌግራም ግሩፕማ በፍጹም። አንተ ነህ የምትነግረው፤ ብቻህን፣ ፊት ለፊት፣ በዚህ ሳምንት። ሹፌሩን ደግሞ ከዚያ በፊት አንድም ልምምድ ላይ እንዳታስገቡት። ጅማ ትንሽ ከተማ ናት፤ ከሄርማታ ገበያ አጂፕ ሳትደርስ ወሬው ይቀድምሃል።

ስትገናኙ በክስ አትጀምር። «ልምምድ ቀረህ፣ ግጥም ረሳህ» ካልከው ጠበቃ ሆኖ ይቀርባል። ጥያቄ ጠይቀው። «አንተ ይሄን ነገር አሁንም ትፈልገዋለህ ወይ?» ከዚያ ዝም በል። ዝምታው ይከብዳል፤ አትሙላው። ከደብዳቤህ እንደገባኝ ከሆነ ልጁ ሁለት ዓመት ሙሉ አብሮህ የቆየው ላንተ ብሎ ሊሆን ይችላል። አንተ እሱን ላለማስቀየም፣ እሱም አንተን ላለማስቀየም፣ ሁለታችሁም ተጠባብቃችሁ እንደሆነስ? እንዲህ ያለ ብዙ አይቻለሁ። ልምምድ የሚቀር ሰው አንዳንዴ በእግሩ እየነገረህ ነው።

«አዎ፣ እፈልገዋለሁ» ካለህስ? እዚህ ላይ ልዋሽህ አልፈልግም። ማርፈድና መቅረት ይታረማል። ግጥም ይጠናል። «ድምፁ ለዚህ ሙዚቃ አልሆነም» ያልከው ግን በቀጠሮ አይስተካከልም። የዘፈኖቹን ቶን ዝቅ አድርጋችሁ ሞክራችሁ ከሆነና አሁንም ካልሆነ፣ መቀየሩ ልክ ነው። ይሄን የምለው የልጁ ነገር ሳይሰማኝ ቀርቶ አይደለም። ለሌሎቹ ሦስትም ሰው ነገሩ ዕድሜያቸው ስለሆነ ነው።

ኤሲ/ዲሲም ይሄው ደርሶባቸዋል። የመጀመሪያው ድምፃዊያቸው ዴቭ ኢቫንስ ይባላል። በ1974 አጋማሽ የወጣችው የመጀመሪያ ነጠላ ዜማቸው ላይ የሚሰማው የእሱ ድምፅ ነው። ዓመት ሳይሞላው ተለያዩ። በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ ድራመርና ቤዝ ተጫዋችም ደጋግመው ቀይረዋል። ኢቫንስም መዝፈኑን አልተወም፤ ራቢት የሚባል ባንድ ውስጥ ገባ። በቦታው የመጣው ቦን ስኮት ነው። የናንተን ሹፌር ጉዳይ ሳነብ ትዝ ያለኝ እሱ ነው። ቦን 28 ዓመቱ ነበር። አንገስ 19። በርካታ ባንዶችን አልፏል፣ በዚያው በ1974 ከሞተር ሳይክል ወድቆ ለቀናት ራሱን ስቶ ተኝቷል፣ ከዚያ የተገኘውን ሁሉ ሥራ ሲሠራ ነበር። ለእሱ ልጆቹ ጮርቃ ሆነው ታዩት፤ ለእነሱ እሱ ሸምግሏል። ግን የሚዘፍነውን ነገር ኖሮታል። ግጥሙ ላይ ይሰማል። የመጀመሪያ አልበማቸውን «ሃይ ቮልቴጅን» በዚያው ዓመት መጨረሻ በአሥር ቀን ገደማ ቀረጹት። ስለዚህ «30 ዓመቱ ነው» የምትለዋን ነገር እርሷት። ይልቅ ሌላ ጠይቁት። ዓርብና ቅዳሜ ጅማ ነው ወይስ ቡና ጭኖ መንገድ ላይ? ይሄ ካልተመለሰ ድምፁ ምንም ቢያምር አትጀምሩ።

ለጓደኛህ ደግሞ የሚገባውን ለዩለት። የጻፋቸው ግጥሞች ካሉ ስሙ ከዘፈኖቹ ላይ አይነሣ። ቀድሞ ያዋጣው ገንዘብ ካለ ይመለስለት። «ባንዱን እኔና እሱ ጀመርነው» የምትለውን ዓረፍተ ነገር እሱ በሌለበትም ተናገራት። ለጊዜው ይቆጣል። ስልክህን ላያነሳ ይችላል። አንተ ግን በዓሉን በዓል ብለህ ቤቱ ሂድ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከሁሉ የምወደው ክፍል ይሄ ነው። ስለ ሪትም ጊታር።

ሰው ሁሉ የሚያየው አንገስን ነው። ዩኒፎርም ለብሶ የሚሮጠውን፣ ወለል ላይ የሚንከባለለውን። ማልኮም ከኋላ፣ ድራሙ አጠገብ ይቆም ነበር። ተቀባይ ድምፅ ሲኖር ወደ ማይኩ ይራመዳል፣ ይዘፍናል፣ ተመልሶ ቦታው ይቆም ነበር። ባንዱን የሚመራው ግን እሱ ነበር። ከሃሪ ቫንዳ ያገኛትን አንዲት ግሬች ጊታር ነው ዕድሜውን ሙሉ የተጫወታት። ወፍራም ክር ይጠቀም ነበር። የሚገርምህ ደግሞ ድምፁ የሚመስለውን ያህል ዲስቶርሽን፣ ማለትም የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክረው ነገር፣ የለውም። በጆሮ ማዳመጫ፣ ከግራና ከቀኝ ለይተህ ስማው። ጥርት ያለ ነው፤ እያንዳንዱ ክር ይሰማል። ግዙፍ ያደረገው ሁሉም በአንድ ቅጽበት መምታታቸው ነው። በሁለቱ ምት መካከል ያለው ዝምታ ደግሞ እንደ ምቱ ሁሉ እኩል ነው የሚጠበቀው።

ለናንተ ይሄ ትልቅ ዜና ነው። ውድ ዕቃ አያስፈልጋችሁም። ደካማ አምፕ ላይ ዲስቶርሽን ሲበዛ የሚወጣው ጩኸት ብቻ ነው። ዝቅ አድርገው። በሳምንት አንድ ሰዓት አንተ፣ ቤዙና ድራመሩ ብቻ ተለማመዱ። ሊድ የለም፣ ዘፋኝ የለም። አንዲት ሪፍ፣ ማለትም የምትደጋገም አጭር የጊታር ሐረግ፣ ይዛችሁ ሃያ ደቂቃ ሳትፈጥኑ፣ ሳትዘገዩ። መብራት ሲጠፋም ልምምዱን አትበትኑ። ኤሌክትሪክ ጊታር ያለ አምፕም ለጆሮ ይበቃል፤ ድራመሩ ጉልበቱን ይምታ። ዝናቡ የጅማን ቆርቆሮ ሲደበድበው እንኳን ቴምፖውን መያዝ ከቻላችሁ ቅዳሜ ማታ ሆቴል ውስጥ ማንም አያናውጣችሁም።

ስለ ዜማውም እንዲሁ። የሮክ ጊታሪስቶች ሶሎ የሚያወጡበት የተለመደው አምስት ኖታ እኛ ዘንድ ባቲ ማይነር ከምንለው ቅኝት ጋር አንድ ነው። በጊታርህ ሞክረው። ከጆሮህ ጋር የተወለደ ነገር ነው፤ ከሩቅ አታምጣው። ጃኖ ባንድ በፈረንጆቹ 2012 «ኤርታሌ» የሚለውን አልበም ሲያወጣ ከባድ ጊታርና የኛ ቅኝት አብረው መኖር እንደሚችሉ ብዙ ሰው አይቷል። ኤሲ/ዲሲም ያገራቸውን አልጣሉም። ጆርጅ ቦን ስኮት በልጅነቱ የስኮትላንድ የቦርሳ ዋሽንት ባንድ ውስጥ እንደነበር ሰምቶ «እስቲ እሱን ዘፈን ውስጥ እናግባው» አለ። ቦን ለካ እዚያ ባንድ ውስጥ ድራም ነበር የሚመታው! ቢሆንም ተማረው። በ1976 ፌብሩዋሪ ሜልቦርን ከተማ፣ ስዋንስተን ጎዳና ላይ፣ በክፍት ጭነት መኪና ላይ ቆመው ያንን ዋሽንት እየነፉ ሲሄዱ የተቀረጸው ቪዲዮ ዛሬም ይታያል። እናንተስ ከጭነት መኪና ጋር ዝምድና አላችሁ፤ ማሲንቆ የሚችል ሰው ደግሞ አይጠፋም።

የቀረው አዲስ አበባ ነው። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ማንም አይከለክላችሁም። ግን እነሱ ለንደን እንዴት እንደሄዱ ስማ። በ1976 ኤፕሪል ሲሄዱ እጃቸው ላይ ሁለት አልበም ነበር። አትላንቲክ ከሚባለው የአሜሪካ ሙዚቃ አሳታሚ ጋር ውል ነበራቸው። የሚሳተፉበት የኮንሰርት ጉዞም ተዘጋጅቶላቸዋል። ጉዞውን ይመራ የነበረው ባንድ ጊታሪስት ፖል ኮሶፍ ሊነሡ ሲሉ በማርች አረፈ፤ ጉዞው ተሰረዘ። ሰው አገር፣ ያለ ሥራ። ሃመርስሚዝ ውስጥ ባለች ትንሽ መጠጥ ቤት ጀመሩ። በዚያው ክረምት ማርኪ በሚባለው ክበብ በቋሚነት መጫወት ያዙ፤ ቦታው ሰው አልችል አለ። ያዳናቸው ውሉ አልነበረም። ከየትም አንሥተህ መድረክ ላይ ብታወጣቸው በመጀመሪያው ዘፈን ሰው የሚይዙ ሆነው ነበር የሄዱት። ያም ሆኖ የአሜሪካው ወገን በዚያው ዓመት አንድ አልበማቸውን አላወጣም አለ። አሜሪካ የወጣው በ1981 ነው።

እናንተ ዛሬ አዲስ አበባ ብትገቡ ለቤት ኪራይ ስትሉ ጊታሩን ትሸጣላችሁ። ለሊዱ እንዲህ በለው፦ ስድስት ወር ሆቴሉን እንሥራ። ከዚያ ለአንድ ምሽት አዲስ አበባ ሄደን ተጫውተን እንመለስ። ደግመው ከጠሩን እንደገና እንሄዳለን። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት በዚያው ዓመት ዋንጫ ሲወስድ ከተማችን እንዴት እንደሆነች ታስታውሳለህ፤ ያኔ ልጅ ነበርክ። እንዲህ ያለ ነገር ይሆናል፣ አልክድም። ግን ያም ቡድን ከታችኛው ሊግ ተጫውቶ ነው የወጣው።

ኋላ የሆነውንም ታውቃለህ። በ1980 ፌብሩዋሪ ቦን ስኮት ለንደን ውስጥ ሞተ፤ 33 ዓመቱ ነበር። ብራያን ጆንሰን ገባ፤ በጁላይ «ባክ ኢን ብላክ» ወጣ። በዓለም ላይ እጅግ ከተሸጡት አልበሞች አንዱ ነው። ያ ሁሉ ኀዘን ሲወርድ ሳይፈርሱ የቆሙት ማልኮም ድራሙ አጠገብ ስለነበረ ነው ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው። ረቡዕ ወይም ሐሙስ ጓደኛህን ጀበና ቡና ጋብዘው፤ ሰው የማይበዛበት ቦታ፣ ከተቻለ አዌቱ ወንዝ አካባቢ፤ ስታበቁ አብራችሁ በእግር ለመመለስ ይመቻል። ከዚያ ሌሎቹን ሰብስብ። ከዚያ ሆቴሉ። ሹፌሩን ደግሞ የመጀመሪያ ቀን ሁለት ዘፈን ብቻ ስጠው፤ አንድ የሰው፣ አንድ የራሳችሁ።

የመጀመሪያዋን ቅዳሜ ንገረኝ፤ እመጣለሁ። ለእናትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። የስፌት መኪናውን ነገር ስትነግራት ምን እንዳለችም ጻፍልኝ።